ከአስር ሶላት በኋላ የሚዘጋ ሱቅ

ሰዒዴ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ማታ ማታ የምጽፈው የገበያውን ውሎ ነው፤ ዛሬ ላንተ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

በጦርነቱ የተዘረፈው ሱቃችን እንደገና ሞልቷል። ጤፉም ምስሩም ገብቷል፣ በሩም አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ያኔ መንገዱ ተዘግቶ የስኳርህ መድኃኒት ከደሴ ሳይመጣ ሲቀር አላለቀስኩም። ስንቀብርህም አላለቀስኩም። ሰው ጠንካራ ይለኛል። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም።

የሐይቅ እህል ነጋዴዎች መሪያቸው አድርገውኛል። ባለፈው ደሴ ላይ ስልጠና ነበረን። አሰልጣኟ ሥራና ቤትን እንዴት እንደምናስማማ ጠየቀች። አንድ የውጫሌ ሐጂ፣ "እኔ ቤቱን ለሚስቴ ትቻለሁ" ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። "እኔም ለባሌ ትቼ ነበር" አልኩ።  አሰልጣኟ በሥራሽ ደስተኛ ነሽ ወይ ስትለኝ፣ ገበያው ደህና ነው ብዬ መለስኩ።

ትዝ ይልሃል፣ የአስር ሶላት ሲደርስ መጥተህ ዱላህን በሱቁ በር ላይ ታጋድም ነበር። ዱላ የተጋደመበት ሱቅ ማንም አይገባም። ከመስጊድ ስትመለስም ሳታነሳው፣ "በይ ተነሽ፣ ልጅቷ ትጠብቅሻለች" ትለኝና ጠዋት ያጠመድከውን ዓሣ ልትጠብስ ወደ ቤት ትገባለህ። እኔ ደንበኛ ሳይ ዱላውን አነሳለሁ። ትስቅ ነበር እንጂ ተቆጥተኸኝ አታውቅም።

በቅርቡ ኮምቦልቻ ትልቅ መጋዘን አገኘሁ። በየሳምንቱ አብዛኛውን ቀን እዚያ ማሳለፍ ነበረብኝ፤ መርየምን እህትህ ዘንድ ልተዋት አስቤ ነገርኳት።

"እማ፣ እዚህም ሆነሽ ያው የለሽም" አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም፤ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነው ያለችው።  መጋዘኑን ለሸሪኬ ለቀቅኩ፣ ሱቁንም ከአስር ሶላት በኋላ መዝጋት ጀመርኩ። ደንበኞች አጉረመረሙ፤ ኋላ ለመዱ።

ትናንት ዓሣ ጠበስኩላት። ቅርፊቱን በደንብ አልፋቅኩትም መሰለኝ፣ እየተፋች በላች። "የአባዬ እንዲህ አልነበረም" ብላ ቢላውን ወሰደችና በቀረው ጥሬ ዓሣ ላይ ከጅራቱ ወደ ራሱ እንዴት እንደሚፋቅ አሳየችኝ። እሱንም አብረን ጠበስን።

ሰዒዴ፣ ላንተ አልዋሽም፤ ገበያው ሲደራ እረሳሃለሁ። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ያለው ሰዓት ግን ያንተና የመርየም ነው። እሱን ለማንም አልሸጥም።

ዘይነብ