ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምገዛው

ማክሰኞ፣ ኦገስት 8
ከሰዓት ዝናብ። ሦስት ኮንቴይነር ብሎን ወጣ። ምሳ የፍየል ሾርባ፣ ቆሜ።

ኡሜሃራ ከናጎያ ደወለ። የመኪና ብሎናችንን ግማሹን የሚገዛው እሱ ነው። ድምፁ ለስላሳ... ሲለሰልስ ነው የምፈራው። "ወይዘሮ ሊያው፣ በሴፕቴምበር እመጣለሁ። አንድ ካርቶን አነሣለሁ። ብረቱ ከየትኛው ማቅለጫ እንደመጣ፣ ከዚያው ብረት የወጡት ሌሎች ካርቶኖች ለማን እንደተሸጡ እዚያው ቆሜ ይነግሩኛል።" ካልቻልንስ? "በጣም አዝናለሁ" አለ። እሱ አዘነ ማለት ግማሹ ማሽናችን ቆመ ማለት ነው።

ግዢያችን አንድ ሰንጠረዥ፣ መጋዘኑ ሌላ፣ ሽያጩ ሌላ። እርስ በርስ አይተዋወቁም። ባለፈው ወር አንዱን ካርቶን ለሁለት ደንበኛ ሸጠናል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 10
ሦስት ዳታቤዝ ቀርቦልኛል። ውዱ፣ ባንኮች የሚይዙት። ክፍያው በኮምፒዩተሩ አቅም ነው፤ ተጠባባቂ ማሽን ካቆምሽ ለእሱም ክፈይ። መካከለኛው ከቢሯችን ኮምፒዩተሮች ጋር ይስማማል፤ ዋጋው ግን አብሮሽ ያድጋል። ነጻው ደግሞ ባለቤት የለውም። ሲበላሽ ማን ይጠራል? ያለን አ-ጂ ብቻ ነው፣ የኮምፒዩተር ሠራተኛችን።

ሦስቱም ሰንጠረዦቹን ያገናኛሉ። ሽያጭ መሀል ላይ ቢቋረጥ ወይ ሙሉውን ይይዛሉ፣ ወይ ምንም። ይላሉ። ሻጭ የማይለው ምን አለ?

ዶንግ-ሎንግ ልቡ ውዱ ላይ ነው። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የፋብሪካው ሊቀ መንበር፤ ሥራውን የማስኬደው ግን እኔ ነኝ። ከሻጩ ከማናጀር ፓን ጋር ጎልፍ ይጫወታል።
"ዋርሳዬ፣ ስም ግዢ። ስም አያሳፍርም።"
"ወንድም ጋሼ፣ ስም ያጠበቀው ብሎን አይቼ አላውቅም።"
ሳይስቅ ወጣ።

ሰኞ፣ ኦገስት 14
ፓን መጣ። የአናናስ ኬክ ይዞ፣ የሚያማምሩ ሥዕሎች ይዞ።

"እኛ ሽቦ ስንገዛ ወረቀቱን አናምንም" አልኩት። "መጎተቻው ላይ አስረን እስኪበጠስ እንስበዋለን። ያንተንም ሥራ ላይ እያለ ሶኬቱን ልንቀልበት።"
"እህት ፋንግ፣ ይሄ እኮ ብሎን አይደለም!" አለኝ በመጠሪያ ስሜ።
"ታዲያ ብሎን ቤት ምን ልትሠራ መጣህ?"

ውሉን አነበብኩ። አንድ ቦታ ላይ የሙከራችሁን ውጤት ያለ ፈቃዳችን ለሌላ አትንገሩ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። እንዴት እንደተበጠሰ እንዳልናገር? "የተለመደ ነው" አለ። ለማን?

ቅናሹ እስከ ነገ ብቻ ነው አለ። ከነገ ወዲያ ሙታን ወደ ሕያዋን የሚመለሱበት የመናፍስት ወር ይገባል፤ በዚያ ወር ውል የሚፈርም፣ አዲስ ማሽን የሚያስነሣ የለም። ያውቃል። እኔም ማወቁን አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 16
አልፈረምኩም። የሙታን በር ተከፈተ፣ ቅናሹም ሄደ።

"በዚህ ወር ሰው ጥፍሩን እንኳ ተጠንቅቆ ነው የሚቆርጠው!" ዶንግ-ሎንግ ነው። "አንቺ ሶኬት ልትነቅይ?"
"ኡሜሃራን የሙታን ወር አያስቀረውም።"
ለፓን ደወልኩ። ለሙታን ግብዣ ቀን ማሽንህን አምጣ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይፈተናሉ። አጉረመረመ... ግን ይመጣል። ገበያ ጥሎ የሚሄድ ሻጭ የለም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 30
ደጁ ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ዶሮ፣ ፍራፍሬ፣ ቢራ። ማሽኖቹ እንዳያምፁ፣ እንደ ልማዳችን በየአንዳንዱ ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት። ዶንግ-ሎንግ ለፓን ማሽን ሁለት አስቀመጠለት። አይቻለሁ።

ለሦስቱም አንድ ዓይነት ሽያጭ ለቀቅንባቸው። ነጻው በፍጥነት ጥሏቸው ሄደ። አ-ጂ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። ከዚያ ነቀልኩ።

የፓን ማሽን ተነሣ። አንድም አልጎደለም። መካከለኛውም እንዲሁ። ነጻው ተነሣ... የመጨረሻዎቹ ሽያጮች የሉም። የሸጥናቸው ካርቶኖች መደርደሪያ ላይ አሉ ይላል።

"ሙታኑም ነጻ ነገር አይወዱም!" አለ ዶንግ-ሎንግ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፓን እስክሪብቶ አቀበለኝ።

ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት። ጉድለቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው የከነከነኝ። ለምን ያን ያህል ፈጠነ?

ሐሙስ፣ ኦገስት 31
"አ-ጂ፣ ምን አደረግህበት?"
መሬት መሬት አየ። "እንዲያሸንፍልሽ ብዬ... ዲስክ ላይ ሳይጽፍ 'ጽፌያለሁ' እንዲል አደረግኩት።"
"እቶን ያልገባ ብሎን ቀብተህ አቀረብክልኝ።"
"አባርሪኝ።"
"ከዚያ ማን ያስተካክለው? ቁጭ በል። እንደነበረው መልስ።"

መለሰው። አዘገመ፣ ከፓንም ኋላ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ነቀልኩበት። ሽያጭ መሀል፣ ቅጂ ሲወስድ፣ ተጠባባቂው ሲረከበው። አሁን አንድም አልጠፋም።

በጥንካሬ ሦስቱም ያው ናቸው። ታዲያ የምገዛው ምንድን ነው? ሁለተኛውን ማሽን ዳግመኛ ሳልከፍል ማቆም። ስለ ሙከራዬ እንደፈለግኩ ማውራት። ስጠላው ትቼው መሄድ። ለመጠቀሚያ ፈቃድ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ታይፔ ላሉ ጠጋኞች ይሁን፤ ሌላም ሠራተኛ ይሠልጥን። ቤቴን በአ-ጂ ቅንነት ላይ ብቻ አላቆምም። ትናንት አየሁት።

ነጻውን እንደመረጥኩ ለዶንግ-ሎንግ ነገርኩት።
"ቢበላሽስ?"
"የእኔን ስም ጥራ።"
"በመናፍስት ወር!"
"እንግዲያው እነሱም ይመስክሩ።"

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 11
ኡሜሃራ መጣ። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣውን ካርቶን መረጠ። መነጽሩን ጠርጎ ሳይጨርስ መልሱ ወጣ፦ የብረቱ ማቅለጫ፣ ባንኮክ የሄዱት፣ ኦሳካ የሄዱት፣ የቀሩት ከኋላው። ዞሮ ቆጠራቸው። ልክ።

"መብራት ቢጠፋስ?"
"በዚህ ወር አይጠፋም!" አለ ዶንግ-ሎንግ፣ ከእኔ ቀድሞ።

አዲሱን ትዕዛዙን እያስገባን ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አጽድቀናል፤ ሁለተኛው ገና ነው። ገመዱን አነሣሁና ለኡሜሃራ ሰጠሁት።
"ይንቀሉት።"
"እኔ?"
"ትዕዛዙ የእርስዎ ነው።"

አረንጓዴውን ከረጢት አየ፣ እኔን አየ። በሁለት እጁ ነቀለው። ማራገቢያው ዝም አለ። ዶንግ-ሎንግ ዓይኑን ጨፈነ።

መልሰን ሰካነው። ተነሣ። ኡሜሃራ ጎንበስ ብሎ አነበበ። "የመጀመሪያው አለ። ሁለተኛው የለም።"
"አልተጨረሰም ነበራ። ያልተጨረሰ አንሸጥም።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለተኛውን መስመር ራሱ ጻፈው፣ ሦስተኛም ጨመረበት።

ሸኝቼው ተመለስኩ። ማሽናችን ላይ ሁለተኛ ከረጢት ተቀምጧል። ዶንግ-ሎንግ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናብ ያያል... ዝናብ ግን አልነበረም።