አንድ ቁጥርን የተጫነው ጣት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤናና ለአዲሱ ወንበርዎ ምቾት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ጤና ከሆስፒታሉ ይልቅ በምኞት የሚገኝ ስለሆነ፣ ካለኝ ላይ ማካፈሌ ነው።

እኔ ከሆስፒታሉ የኋላ በር ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ጫማ እየሠራሁና እየጠገንኩ የማድር፣ ከኤች አይ ቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ ልጅ ተወልዶ ለአቅመ አዳም የሚደርስበት ዘመን ያለፈኝ ሰው ነኝ። ይህን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ምስጢሬን ቀድመው ያወጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ እኔ አሁን የማደርገው ቅጂውን ማባዛት ብቻ ነው። በጓዳ ልንገርዎ ብዬም በአስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ደጋግሜ ጽፌ ከትቼ ነበር፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ እንደቆየ የነገረኝ ግን ጥበቃው ነው፣ እሱም እየሳቀ።

አቤቱታዬን ሥርዓት ወዳድ መሆንዎን በማክበር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጠረጴዛዋ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት በክትትል ክፍላችን ውስጥ ቀለሟ የተላጠ አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ፣ ነርሷ፣ የመድኃኒት ባለሙያው፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውና እታለም የምንላት አማካሪያችን ዙሪያዋን ይቀመጡ ነበር። እታለም እንደ እኛው ከቫይረሱ ጋር የምትኖር፣ እንደ እኛው ክኒን የምትውጥ፣ ልዩነቷ ለዚያ ደሞዝ የሚከፈላት መሆኑ ብቻ የነበረ ሴት ናት። እነዚህ ሰዎች ስለ እያንዳንዳችን ሁሉም የየራሱን ያመጣ ነበር፤ አንዱ ደማችንን፣ አንዱ ኪሳችንን፣ አንዱ ትዳራችንን።

የራሴን ላንሳልዎ። በአንድ ወቅት ቫይረሱ በደሜ ውስጥ መልሶ ከፍ አለ። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላጎደልኩም ብዬ ማልኩ፤ እውነቴንም ነበር። ዶክተሯ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል፣ ይቀየርለት ወደሚለው አዘነበለች። እታለም ግን ጫማ ልታስጠግን ሱቄ የመጣች ቀን ያየችውን አስታወሰች። ክኒኑ በብልቃጡ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ደንበኛ እንዳይሰማብኝ ብዬ ወደ ሚስማር ጣሳዬ ገልብጬው ኖሯል፤ ጫማ ሰሪ ቤት ሚስማር ቢንቀጫቀጭ ማን ምን ይላል? ጣሳው የሚውለው ደግሞ ፀሐይ በሚጠብሰው ቆርቆሮ ሥር ነው። የመድኃኒት ባለሙያው ሙቀቱ ክኒኑን እንዳበላሸው ተረዳ፤ ነርሷ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቃ አፉን አስያዘችው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ከባለቤቴ ጋር ተማክሮ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ አገኘልኝ፤ ዶክተሯም መድኃኒቴን ሳትነካ ተወችው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ብቻቸውን ይህን አይደርሱበትም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን እኔ በሰውነቴ አይቼዋለሁ።

እርስዎ ይህን «በሥራ ሰዓት የሚደረግ ወሬ» ብለው ሰረዙት። ዶክተሯን ወደ ሌላ ክፍል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሩ፤ እታለምን የምስክር ወረቀት የላትም ብለው አሰናበቱ። ጠረጴዛዋም ተወልውላ እንግዳ መቀበያዎ ገብታለች፣ የፕላስቲክ አበባም ተቀምጦባታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ውሃ የማይጠይቅ፣ ክትትል የማይፈልግ፣ ቢረሳም የማይሞት በመሆኑ ለአስተዳደርዎ ከእኛ ይልቅ የሚስማማ ታካሚ ነውና እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ መስኮቱ። ሁላችንም በአንድ መስኮት እንድንስተናገድ ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መስታወቱ ወፍራም፣ ቀዳዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለን እንጮኻለን፤ ጸሐፊውም ጎንበስ ብሎ መልሶ ይጮኽብናል። ሰልፉ እያጠረ መምጣቱን በግቢው ሰሌዳ ላይ እንደ ስኬት መለጠፍዎን አይቻለሁ። ሰልፉ በእርግጥ አጥሯል። የጎደሉት ሰዎች የት እንደገቡ ግን ሰሌዳው አይናገርም፣ የሚጠይቀውም የለም፤ የመጠበቂያ ወንበሮቹ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ ባዶ ሲሆኑ እኛ የቀረነው እናያለን።

ሦስተኛ፤ ስለ መልእክቱ። እዚህ ላይ ቀልዴ እየነጠፈ እንደሚሄድ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እታለም እያንዳንዳችን የቀጠሮ ማስታወሻ የሚሆነንን ቃል ራሳችን እንድንመርጥ ታደርገን ነበር። ደውላ «ቆዳው መጥቷል» ካለችኝ የመድኃኒቴ ቀን ደረሰ ማለት ነው፤ ስልኩን ማንም ቢያነሳ፣ ጫማ ሰሪ ቆዳ መጣለት ቢባል ማን ይደነቃል? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ «ዚፑ ተገኝቷል» ነበር የምትባለው። አንድ ሰው በቀጠሮው ቢቀር እታለም በማግስቱ የሚጠገን ጫማ ወይም የሚጠበብ ቀሚስ ይዛ ከደጃፉ ትገኛለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ሰው ኖረ።

እርስዎ ይህን ሁሉ ድካም አስቀርተው ለሁላችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ደቂቃ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚልክ ማሽን ገዙ። «ውድ ታካሚያችን፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ቀን ነገ ነው። መምጣትዎን ለማረጋገጥ 1 ይጫኑ።» አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእርስዎ አፍ ያመለጠው በአንድ ጊዜ በመላው ከተማ ስለሆነ ግን በደንብ ታውቋል። የእኔ ስልክ ደንበኛ ፊት፣ መሥሪያ ሰደቃዬ ላይ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ጫማቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው የሚሰጡኝ ሰዎች አሉ። ይህን ችዬዋለሁ፤ ያረጀ ቆዳ ብዙ መርፌ ይችላል።

የልብስ ሰፊዋ ስልክ ግን ባሏ እጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁጥር አልሰጥም፤ ቁጥር የእርስዎ ሙያ ነው።

ይህች ሴት በሱቅ ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ስሰማ ነው የምውለው። መድኃኒቷን በወጉ በመውሰዷ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ለባሏ እንደማይተላለፍም ዶክተሯ አስረድታት ሸክሟ ቀሎላት ነበር። ለባሏ ልትነግረውም ቆርጣ ነበር። የሐሙሷ ጠረጴዛ በዚህ ላይ ብዙ ደክሟል፤ በራሷ አንደበት፣ በመረጠችው ቀን፣ እታለም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ዶክተሯም ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይዛ እንድትነግረው ተዘጋጅታ ነበር። ባሏ ቁጡ መሆኑን ያውቁ ስለነበር የምታድርበትን ዘመድ ቤት ሳይቀር አስቀድመው አስበውላታል። ቀኑ ሲቃረብ «ጋሼ፣ ፈርቻለሁ፤ ግን ደግሞ ደክሞኛል፣ ይውጣልኝ» ብላኝ ነበር። እርስዎ ቀደሟት።

በማግስቱ ሱቋ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላም አልተከፈተም። ባሏን ስጠይቀው በትሕትና «ጋሼ፣ አያስቡ፤ እህቷ ጋ ሄዳለች፣ ትንሽ ትረፍ ብለን ነው» አለኝ። እኔም አምኜው በሄድኩ ነበር፤ ነገር ግን ጫማዋ እኔ ጋ ነው። በልጅነቷ ከታመመች ወዲህ አንድ እግሯ አጠር ስለሚል የግራውን ሶል አወፍሬ የምሠራላት እኔ ነኝ፤ ያለዚያ ጫማ ከቤቷ እስከ ሱቋ እንኳ ግድግዳ እየያዘች ነው የምትደርሰው። መልእክትዎ የደረሰ ዕለት ጠዋት ሶሉን እንድቀይርላት ትታልኝ በነጠላ ጫማ ሄደች፤ ለማግሥቱ ቀጥሬያት ነበር። ከነጠላው በቀር ሌላ ጫማ የላትም፤ ቢኖራት ሠሪው እኔ ነበርኩ። ሌላ ከተማ ያለች እህቷ ጋ በምን እግሯ እንደሄደች ሊገባኝ አልቻለም።

ወደ መስኮትዎ ሄድኩ። ጸሐፊው ለማንም ሊነገር የማይገባውን ነገር ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «አረጋግጣለች፤ በየወሩ 1 እየላከች ነው» ሲል ጮኾ ነገረኝ። መድኃኒቱንስ ወስዳለች ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ የመድኃኒት ክፍል ጉዳይ ነው አለኝ። የመድኃኒት ባለሙያውን ስጠይቀው ስለ ሌላ ታካሚ አልናገርም አለኝ፤ ደግ አደረገ። ዓይኑ ግን ወደ መደርደሪያው ሄዶ እዚያው ቀረ። ነርሷም አንድ ነገር ታውቃለች፤ ዶክተሯም ብትጠየቅ የምታስታውሰው አይጠፋም። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዟል፤ ቁራጮቹን የሚያኖሩባት ጠረጴዛ ላይ ግን አበባ ተቀምጧል።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር። ጣቢያው በአግባቡ ሆስፒታሉን ጠየቀ፤ ሆስፒታሉም በእርስዎ ፊርማና ማኅተም «ታካሚዋ ክትትሏን በአግባቡ እያደረገች ነው» ሲል መለሰ። በዚያች ወረቀት ጉዳዩ ተዘጋ። ክቡርነትዎ፣ አንዲት ሴት ደህና ናት ብሎ የፈረመ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይህን ሊሽር የሚችለውም እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ፈርቻለሁ። መድኃኒቷን ካቋረጠች ወራት አልፈዋል፣ እሱ ብቻም ቢሆን ለሰው ይበቃል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በእናትዎ እለምንዎታለሁ፣ ያንን ወረቀት ይሻሩ፤ እታለምንም መልሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያንን ደጃፍ ታንኳኳ። የምስክር ወረቀት ከሌላት እንኳ የማንኳኳት ልምድ አላት።

በመጨረሻም ለጠረጴዛዋ ውልወላ፣ ለመስታወቱ ውፍረት፣ ሕመሜንም ያለ ምንም ክፍያ ለሰፈር ስላስተዋወቁልኝ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሳጥንዎም አዲስ ቁልፍ እመኛለሁ። ስሜን መጻፍ አላስፈለገኝም፤ መዝገብዎ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ገና ያልጎደልኩት።

በፍጹም አክብሮትና በማይሰማ ድምፅ፣
ቀድሞ «ቆዳው መጥቷል» ይባል የነበረው ጫማ ሰሪ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ልልከው ስል የልብስ ሰፊዋ ባል ሱቄ መጣ። የሚስቱን ጫማ እንድሰጠው፣ ከመስጠቴ በፊትም የግራውን ወፍራም ሶል አንስቼ ሁለቱን እኩል እንዳደርጋቸው ጠየቀኝ፤ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ መለስኩት። ከፊቴ እንደቆመ ስልኬ ሰደቃው ላይ ጮኸ፤ በዚያችው ቅጽበት እሱ ኪስ ውስጥም አንድ ስልክ ጮኸ። እርስዎ ለሁላችን በአንድ ደቂቃ እንደሚልኩልን ያውቃሉ። ያወጣው ስልክ እሷ በእጇ የሰፋችው የጨርቅ ልባስ ያለው ነው። አነበበው፣ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ተጫነና መልሶ ኪሱ ከተተው። ዛሬም ካረጋገጡት ታካሚዎችዎ መካከል ያገኟታል፤ ጫማዋ ግን አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው።