ያልሰጠሁት ግጥም

ረቡዕ፣ ጥር 27፣ ማታ 12 ሰዓት

የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እያረምኩ። ግማሹ ክፍል አንድ ዓይነት ስህተት ሠርቷል፤ ማን ከማን እንደቀዳ ግልጽ ነው። ነነዌ ዛሬ አበቃ። ብርዱ እስክሪብቶ አያስይዝም።

ር/መምህሩ ቤት ድረስ መጣ። ታምራት ቅዳሜ እዚሁ ዘመሮ፣ በት/ቤቱ አዳራሽ፣ ጊታር ይጫወታል። የእንኳን ደህና መጣህ ንግግር የኔ ነው። አብረን ስለተማርን። እሺ አልኩ፤ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ።

ምን ልበልለት፣ ደብተሬ? ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ስንሠለጥን አንድ ክፍል ነበርን። ክራሩ የኔ ነበር። እሱ ጣቱን የፈታው በኔ ክራር ነው። አሁን እሱ አገር ላገር ይዞራል፣ እኔ የሰው ልጅ ስህተት አርማለሁ።

ባለቤቴ አስካለ ወሬውን ሰማች። አዲሱን ነጠላዋን አውጥታ አጠበች።

ዓርብ፣ ጥር 29፣ 11 ሰዓት

ንግግሩን ጻፍኩ። ቀደድኩ። «የአካባቢያችን ኩራት» የሚል ገብቶበት ነበር። ያቅለሸልሻል።

ክራሩ ጓዳ ተሰቅሏል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ። አባቴ ቄስ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። መምህር ሆኜ እዚህ የተመደብኩ ሳምንት አስጠሩኝ። የቄስ ልጅ፣ በዚያ ላይ መምህር፣ አዝማሪ ሲባል ከምሰማ ሞቴን አሉ። ሰቀልኩት። ጅማቱን አይጥ በላው። እሳቸው ካረፉ ስምንት ዓመት አለፈ። ታዲያ ለምን አላወረድኩትም? ይህን ላንተም አልመልስም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አሁን ገባሁ። 

እውነቱን ልጻፍ፤ ልንቀው ነበር የሄድኩት። ኮት ለብሼ፣ ከፊት፣ በደብሩ አለቃና በጽ/ቤት ኃላፊው መካከል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ገበያተኛው በጉን በር ላይ አስሮ ገብቷል፤ በየዘፈኑ መሐል በግ ይጮኻል። ንግግሬ ሦስት ደቂቃ። ተጨበጨበ፣ ለማለት ያህል።

ብቻውን ወጣ። በርጩማ፣ ጊታር፣ በቃ። ትንሿ ጣቱ ላይ የብረት ቱቦ አጥልቆ ክሩ ላይ ያንሸራትታል፤ ድምፁ ዕንባውን እንደሚውጥ ሰው ይሆናል። ብሉዝ ነው አለ፣ ጥቁሮቹ በጥጥ እርሻ ላይ እየተገረፉ ካንጎራጎሩት የወጣ፤ የኛ እንጉርጉሮ የአጎት ልጅ። ልስቅ ተዘጋጀሁ። አልሳቅኩም። አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እንደ መንገደኛ እየረገጠ ይሄዳል፣ አያርፍም። ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ያወራሉ። ድንገት ሁሉንም ይተወዋል። ዝም። ያን ያህል ዝም ለማለት እኔ አንድ ቀን ድፍረት አልነበረኝም። አጠገቤ አለቃ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ክራሩን ባልተወውም እንኳ እሱ የደረሰበት አልደርስም ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ከዚያ ዘፈነ፦

ጓሳም ተከለለ፣ ጓሳም ተከፈተ፤
ያንቺ በር ብቻ ነው ተዘግቶ የሸበተ።

የኔ ግጥም። ገና ስንሠለጥን፣ የአስካለ አባት ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ ሲመልሱብኝ የገጠምኩት። የጓሳ ሣር እንኳ ተከልሎ ከርሞ አጨዳው ሲደርስ ይፈቀዳል ብዬ።

የአገር ግጥም ነው፣ ባለቤቱ አይታወቅም አለ ታምራት። ተከታዩ ጠፍቶብኛል፤ የሚያውቅ ይስጠኝ፣ ልቀበል። እንደ ደንቡ ነው፤ አድማጭ ይሰጣል፣ ተጫዋች ይቀበላል። ዜማውን ሦስት ጊዜ አዞረው። ሦስቴም ወደኔ አየ መሰለኝ። ግጥሙ ምላሴ ላይ ነው። በቀኝ አለቃ፣ ከኋላ ተማሪዎቼ። ከረባቴን አስተካከልኩ።

አንድ ሥጋ ሻጭ ተነስቶ ስለ በግ ላት የማይረባ ነገር ሰጠው። ታምራት ተቀበለው፤ አሳምሮ፣ አክብሮ። አዳራሹ ተነሳ። እኔም ተነስቼ አጨበጨብኩ። ለሥጋ ሻጩ።

እሑድ፣ የካቲት 1

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አስካለ ምሳ አቀረበች፣ አልቀመሰችም። ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ተከታዩን ታውቀዋለች። ራሷ መስጠት ትችል ነበር፤ እኔን ጠበቀች። ሥጋ ሻጩ ሲነሳ እኔ የተነሳሁ መስሏት ነጠላዋን አስተካክላለች።

ሰዉ ምን ይላል ብዬ ነው አልኳት።

«አባቴ በሩን ከከፈቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው» አለች። «የዘጋኸው አንተ ነህ።»

ሳህኑን አነሳች። አልጨረስኩም ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፣ ከት/ቤት መልስ

ታምራት ደወለ። ለምን ዝም አልክ አለኝ። ግጥሜን ሰርቀህ ባለቤቱ አይታወቅም ትላለህ ብዬ ጮኽኩበት፣ በመምህራን ክፍል፣ ሰው እየሰማ። አልተቆጣም። ስምህን ብጠራ ታፍራለህ ብዬ ነው አለ፤ ራስህ እንድትነሳ ቦታውን ተውኩልህ። ተከታዩማ መች ጠፋኝ አለ።

ይሄ ከስርቆቱ ባሰ። እንዳዘነልኝ ገባኝ።

ቅዳሜ ዓለም ከተማ ይጫወታል። የመጨረሻው ነው፤ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ቦታውን እንደገና እተዋለሁ አለኝ። ዘጋሁበት።

ዓርብ፣ የካቲት 6፣ 11 ሰዓት ተኩል

አስካለ ዛሬም ከእሺና ከእንጃ በላይ አላወጣችም። አራት ቀን ሙሉ በክፍል ውስጥ ቁጥር እየጻፍኩ ግጥሙን በሆዴ ስል ሰነበትኩ። እንዳልረሳው እዚህ ላስፍረው፦

ሣሩን ለሚጠብቅ ቀን ይወጣለታል፤
ደጅሽን የጠና ማን ይከፍትለታል?

ክራሩ እዚያው ይሰቀል። ለክራሩ ጣቴ መሽቶበታል። አፌ ግን አልመሸበትም። አለቃ ከሰሙ ይስሙ። ተማሪም ይሳቅ።

ለነገ የዓለም ከተማውን መኪና ሹፌር ለሁለት ሰው ቦታ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። ጎማው እንኳ የተላጨ ነው፤ ይሁን። አስካለ ገና አልሰማችም። እምቢ ካለች ብቻዬን ሄጄ ለማን ነው የምሰጠው? ለዓ/ከተማ ገበያተኛ?

ጓዳ ናት። የነጠላ ሳጥኑ ሲከፈት ይሰማኛል። ማን ነገራት? ልሂድና…