ከዚያ ባሕር የወጣ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሳራ፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ሆዴን ግን አበላሸሽው። ናፖሊ ስትዝናኚ ልትበዪ ያሰብሽው ያ ስምንት እግር ያለው ዝልግልግ ፎቶው ብቻ ቁርሴን ሊያስወጣኝ ነበር። እዚህ ሚዛን ከተማ ቢገኝ በዱላ እንጂ በሹካ አንቀርበውም። ከተማውን ጎብኚ፤ ከዚያ ባሕር የወጣ ነገር ግን አትቅመሺ፣ ያስጠላል።

እኛም ዘንድ ዓሣ ቀርቷል። ቡናው ሲያብብ ወንድምሽ አልአዛር ከሊቢያ ደውሎ «ነገ ወደ ጣሊያን ጀልባ እንሳፈራለን» ካለ ወዲህ እናትሽ ዓሣ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። አሁን ቡናው እየተለቀመ ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ «ሽታውን ጠልታ ነው» እላለሁ።

በሩ ተንኳኳ። በዚህ ዝናብ እናትሽ መጣች።

«ለሳራ ነው የምትጽፈው? እዚያ ወደብ ላይ የሚዛን ልጅ ያየ ሰው ካለ ትጠይቅልኝ።»

ጠይቂላት። በሰላም ግቢ።

አጎትሽ ይሄይስ