ቱሉ ኦዳን የሚወጣ ሞተር

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኩመራ፣ ሰመራ ላለኸው፤

እንደምን ከርመሃል? የአፋር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ደም ግፊትህስ? ጨው ቀንስ ብዬ እዚህ ሆኜ ብነግርህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀንስ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ስልክህን ስለማታነሳ፣ ብታነሳም «ኔትወርክ የለም» ብለህ ስለምትዘጋው በወረቀት መጣሁብህ። ይዞልህ የሚመጣው የጎረቤታችን የአበራሽ ልጅ ዮኤል ነው፤ ቡና ጭኖ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም።

ገላና ቀድሞኝ እንደነገረህ አውቃለሁ። ወንድምህ ነው፣ ይንገርህ። «ሚስትህ አብዳለች፤ አጋሮ ያለውን የአባቷን ቤት ሸጣ መኪና ገዛች» ብሎሃል። ቤቱን መሸጤ እውነት ነው። መኪና መግዛቴም እውነት ነው። ማበዴን ግን ይህን ጨርሰህ ካነበብክ በኋላ ራስህ ፍረድ። ቤቱ የአባቴ ነበር፣ ፊርማውም የእኔ ነው። ያላማከርኩህ ንቄህ አይደለም። ብጠይቅህ «ተይው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ መተው አልፈለግሁም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቱሉ ኦዳ እመላለሳለሁ። ገላና ይህን ነግሮህ እንደሆነ እንጃ። ልጃችን ጊፍቲ ታስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት አጠገብ ጤና ኬላው አለ፤ እዚያ ተቀምጬ ነፍሰ ጡሮቹን አያለሁ። አዋላጅ ጡረታ ቢወጣም እጁ ጡረታ አይወጣም። ሴቶቹ እንደ እናታቸው «አዴ ያለሜ» ይሉኛል። እስከ ጋራው ሥር በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በእግሬ። ክረምት ሲሆን ምጥ የጠናባትን ሴት አሁንም በቃሬዛ ነው የሚያወርዷት። አምቡላንስ አለ፣ ግን አንድ ነው፤ ወረዳው ደግሞ ሰፊ ነው። ልጃችን ከሞተች ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ሞቷን ፈጣሪ ያውቃል ብዬ ተቀብያለሁ። መንገዱን ግን ልቀበለው አልቻልኩም።

መኪና ልገዛ ነው ስል መጀመሪያ የሳቀው ገላና ነበር። ሲያየኝ እንደማልቀልድ ገባውና ደላላ ሆኖ ተመለሰ። የ2012 ሞዴል ቪኤይት ላንድ ክሩዘር አለ አለኝ፤ ባለቤቱ ወዳጁ ነው።

«ያለም፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር እኮ ነው። ማርሹን እንኳ ራሱ ይቀይራል። ስትፈልጊ ለሰርግ ታከራዪዋለሽ። ሰው ያከብርሻል።»

«ሲታመምስ ማን ያክመዋል?»

«አዲስ አበባ በኮምፒውተር የሚያዩ ልጆች አሉ።»

«ምጥ የያዛት ሴት አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ትጠብቀዋለች?» አልኩት። «ሚቲ፣ አይደለም! አንቺ ክፉ ክፉውን ብቻ ነው የምታስቢው» ብሎ ተቆጣ።

አንተ እራት ላይ ስለ ሞተር ስታወራ የማልሰማህ ይመስልህ ነበር። ጎመኑን እየከተፍኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መኪና ሲገዛ ከላይ አትይ፣ ከሥር ግባ ትል ነበር። ገባሁ። ነጠላዬን አውልቄ፣ ጊንጆ ሰፈር ቲጃኒ ጋራዥ ከሥር ገባሁ። ቲጃኒን ታስታውሰዋለህ፣ ያንተ ረዳት የነበረው፤ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው።

መጀመሪያ ያየኋት የ1996ቷን ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያላት። ሞተሯ ሲነሳ ልብ ይሰርቃል፤ አንተ ብትሆን እዚያው ትፈርም ነበር። ግን ሻንሲዋ ዝጎ ተበይዷል፣ ላሜራዋ ስቱኮ በስቱኮ ነው። የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳስተያይ ደግሞ አልገጠመም። ሻጩን ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ሞተር ሞተር ነው፤ ቁጥር ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ።

«ልጄ፣ አንተ የማን ልጅ እንደሆነች የማታውቃትን ታገባለህ?» አልኩት። ቲጃኒ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

ሁለተኛዋ የ2003 ናት። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ እህል በረንዳ ጀርባ ቆማ ነው ያገኘናት። የእርዳታ ድርጅት ስታገለግል የኖረች፣ ነጭ ቀለሟ የደበዘዘ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ማርሿ በእጅ፣ የፊት አክሰሏ ድንጋይ የማይሰብረው ድፍን ብረት። የሞተሯ ቺንጋ፣ ቀበቶው፣ በቅርብ ተቀይሯል። የ2006ም ነበረች፤ ሞተሯ ያው ነው፣ የጨመረችው የወንበር ቆዳና ዋጋ ነው።

«ወላሂ አዴ፣ አልዋሽዎትም፣ ፈጣን አይደለችም» አለኝ ቲጃኒ።

«ከማን ጋር ልሽቀዳደም ነው?»

እንግዲህ በቪኤይቱና በ2003ቷ መካከል ቀረ። ገላና ሽማግሌ ይዞ መጣ። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ከፈለና የቤተ ክርስቲያናችን ሁለት አባቶች ሳሎናችን ተቀመጡ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ እህታችን ትንሽ ትረፍ፣ ኩመራ ይምጣና ይወሰን አሉኝ። እነሱን አክብሬ ቆሜ ነው የመለስኩት። «እርስዎ እንዳሉት ሐዘን ይሆናል፣ አቶ ከፈለ። ሐዘኔ ግን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ኩመራ ሲመጣ የራሱን ይወስናል፤ ይህን እኔ ወስኛለሁ» አልኳቸው። መንጃ ፈቃዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ የመንጃ ትምህርት ቤት ገብቼ መማሬን ማንም አያውቅም ነበር። አቶ ከፈለ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ትኩር ብለው አዩና «እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። ገላና ተነስቶ ወጣ።

ነሐሴ ላይ፣ መሬቱ ዝናቡን በደንብ ሲጠግብ፣ ሁለቱንም ቱሉ ኦዳ ላይ ልፈትን አልኩ። ገላና እምቢ ሊል አልቻለም፤ ቪኤይቱን ራሱ ይዞ መጣ። አጋሮ ማደያው ናፍጣ ጨርሶ ነበር። ከመንገድ ዳር ከአንድ በርሜል ለሁለቱም በጀሪካን ቀዳን።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቪኤይቱ ያምራል። ጭቃውን እንደ አስፋልት ነው የያዘው፤ ወንበሩ ላይ ሆኜ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆን?» ብያለሁ። ገላናም ፈገግ ብሎ አየኝ። ከግማሽ ዳገት በላይ ግን የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ቀጥሎ ጉልበቱ ወረደ፤ ነዳጁን ሲረግጠው እንደ ደከመ በሬ ይጎተታል። ገላና ቆመና መሪውን በመዳፉ መታው።

«ናፍጣው ውሃ አለበት። ሞተሩ ራሱን ሲጠብቅ ነው እንጂ መኪናው ምንም አልሆነም!»

«እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ራሱን ይጠብቅ፣ መብቱ ነው። ቱሉ ኦዳ ግን ሌላ ናፍጣ የለም።»

ወንድምህን ልሰድበው አይደለም፤ ያን ቀን እሱም ወርዶ ጭቃውን ሲያይ አሳዘነኝ። ጊፍቲን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ነው።

ከዚያ እኔ በ2003ቷ ተነሳሁ። ቲጃኒ አጠገቤ ተቀምጧል። ትጮሃለች፣ ታጨሳለች፣ ቀስ ትላለች። ከባዱን ማርሽ አስገብቼ እንደ ኤሊ ወጣሁ። ቪኤይቱ የቆመበትን አለፍኩት። ዋርካው ጋ፣ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ጋ ስደርስ አቆምኩ። ቦታውን አንተ ታውቀዋለህ።

ሞተሩን አጠፋሁት።

«አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው? ዳገት ላይ ነን፣ ጭቃ ነው!» አለ ቲጃኒ።

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ያን ቀንም እንዲህ ነበር፣ ከሰዓት። አንተ የተዋስከውን መኪና ኮፈን ከፍተህ፣ ዝናቡ በአንገትህ ገብቶ፣ ባትሪውን ስትነካካ፣ ካንዴላውን በሸሚዝህ ስታደርቅ፤ እኔ ከኋላ ምጥ ከጠናባት ልጄ ጋር። ሁሉም ትዝ አለኝ። ካልተነሳች አልገዛትም፣ የቤቱንም የሽያጭ ውል አፈርሳለሁ፣ ሁሉንም ትቼ እቤቴ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች።

ደግሜ አጠፋኋት። ደግማ ተነሳች። ነገሩ ለቲጃኒ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሳጠፋና ሳስነሳ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ፍሬኑን ለቅቄ ጋራው አናት ድረስ ወጣሁ። ሴቶቹ ድምፅ ሰምተው ወጥተው ነበር። ከመኪናው ወርጄ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጊፍቲ ከተቀበረች ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ሴቶቹ የሐዘን መስሏቸው አብረው አለቀሱ። የሐዘን ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ መኪናዋን በስሜ አዛወርኩ።

አሁን ደግሞ የምነግርህን በደንብ አንብብ፤ ካንተ ጋር ተቀምጬ ተናግሬው አላውቅም። ያን ቀን የመጣኸው ያገኘኸውን መኪና ይዘህ ነው። ዝቅ ያለች፣ ለከተማ የተሠራች መኪና ነበረች፤ ማንም ቢነዳት ከዚያ ጭቃ አትወጣም ነበር። ደግሞም እኔ ስንት ሴት ያዋለድኩ ሰው ከኋላ ነበርኩ። የኔ እጅ ያልቻለውን ያንተ እጅ እንዲችል አልጠበቅሁም፤ ያን ቀንም አልጠበቅሁም፣ ዛሬም አልጠብቅም። ሰዎች ምን እንዳሉህ አላውቅም። እኔ ግን አንድም ቀን ጥፋቱ ያንተ ነው አላልኩም። ዝም ያልኩት ስለከፋኝ ነው፤ አንተ ደግሞ ዝምታዬን ክስ አድርገህ ሰመራ ወረድክ።

ባለፈው ወር ሌንሳ የምትባል የቡና ለቃሚ ሚስት ምጧ ተራዘመባት። ሕፃኑ በተሳሳተ በኩል መጥቶ ነበር። ጭቃው ገና አልደረቀም። የጤና ኬላዋ ልጅ ከኋላ ያዘቻት፣ እኔ ነዳሁ። ዋርካው ጋ ስደርስ ወደ ጎን አላየሁም። ጅማ ሆስፒታል አደረስናት፣ በቀዶ ጥገና ወለደች። ሴት ናት፤ ጸጉሯ ብዙ። ባሏ በኋላ አንድ ኬሻ ቡና ይዞ መጣ፣ መለስኩት። ተቀየመኝ። እንግዲህ ይቀየም።

ገላና አሁንም አያናግረኝም፤ ትናንት ግን በራሱ ሰው የናፍጣ ማጣሪያ ልኮልኛል። የተላከው ከማን እንደሆነ እንዳትነግሯት ብሎ ነበር አሉ።

ሴቶቹ ቀን ከሌት እየጠሩኝ ነው። ደስ ይለኛል፤ አልደከመኝም። እውነት ለመናገር ፍሪሲዮኗ ለግራ ጉልበቴ ይከብዳል፤ ከኋላ ደግሞ የአዋላጅ እጅ ሲፈለግ እኔ መሪ ላይ ነኝ። ሹፌር ቅጠሪ ይሉኛል። ሁለት ልጆች መጥተው ጠይቀውኛል፤ ጥሩ ልጆች ናቸው። ቦታው ተይዟል ብዬ መለስኳቸው።

እግዚአብሔር ከመንገድ አደጋ ይጠብቅህ። በረሃውን በሰላም ያሻግርህ። ደም ግፊትህን ተለካ። ዮኤል ከጅቡቲ ሲመለስ ሰመራ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ከዚያ ጅማ ነው የሚገባው፣ ጋቢናው ሰፊ ነው።

ባለቤትህ
ያለምወርቅ

የሹፌሩን ወንበር ለኔ ቁመት እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስቤዋለሁ። ቲጃኒ ሐዲዱን ግራሶ ቀብቶታል፤ ረጅም ሰው ሲቀመጥበት ወደ ኋላ ይሸሻል።