ጠመኔው ከተጠረገ በኋላ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የካቲት 9

ይድረስ ለእህቴ ለጭቅጭቄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ መጻፍ መረጥኩ። በመጀመሪያ፣ ደክሞኛል። ሰፍቼ ያልጨረስኩት የአንዲት ደንበኛዬ የሙሽራ ቀሚስ ያለ እጅጌ ተሰቅሎ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ፤ ከሁለታችን የሚንቀሳቀስ የለም።

«ጡትሽን ተመርመሪ» እያልሽ ዓመት ሙሉ ስትነዘንዢኝ፣ ለጆሮዬ ዕረፍት ብዬ ጡቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩልሽ። የራጅ ባለሙያዋ ገና ልጅ ናት፤ ወሬዋ አያልቅም። አዲሱን ማሽን አንድ ፎቶ አይበቃውም፤ እየዞረ ጡትን በስስ በስሱ ከፍሎ ያሳያል አለችኝ። ቢላዋ ሳይነካኝ ተከተፍኩ በይኝ! በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መሃል አስገብታ ደፈጠጠችኝ። እኔ በካውያ እንኳ ጨርቅ ላይ እንዲህ ጨክኜ አላውቅም።

«እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ።»

«ሌላ የምይዘው ምን ቀረኝ፣ ልጄ?»

ሳቀች። ከዚያ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። እናታችን ጡቷን የታመመች ጊዜ ሐኪሙ እንዲህ ነበር የሚያያት። 

«ዛሬ ፓውደር ተቀብተዋል?»

«ኧረ ምንም!»

«ጡት ማስያዣዎ ውስጥ የሚያስቀምጡት ነገርስ?»

መቼም ታውቂኛለሽ። ሜትሬ አንገቴ ላይ፣ ጠመኔዬ ጡቴ ሥር ነው። ለሰው ሁሉ ኪስ ስሰፋ ለራሴ አንድ አልሰፋሁም። ሄጄ ጠመኔውን ከማስያዣዬ አውጥቼ አሳየኋት። ስክሪኑ ላይ በሁለቱም ጡቴ የታያት ነጫጭ ነጠብጣብ የጠመኔው ብናኝ ነው! ልጅቷ ሳቀች፣ እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፣ ማሽኑ ብቻ እንደ ኮስታራ ሹም ቆሞ ቀረ።

በእርጥብ ፎጣ ጠራርጋኝ እንደገና አነሳችኝ። ቀኙ ጸዳ። የግራውም ጸዳ፣ ከአንድ ጥግ በቀር። እሱን ደጋግማ ጠረገችው። ቆዳ ሥር ያለ ነገር ግን በፎጣ አይለቅም።

ሐኪሙ ከዚያ ጥግ በመርፌ ናሙና ወሰደ። «ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር ሆኖ አይገኝም፤ ክፉም ቢሆን በጊዜ መጥተዋል» አለኝ። ልብስ ሰፊ ሆኜ በጊዜ መጣሽ ስባል የመጀመሪያዬ ነው፤ ደንበኞቼ ቢሰሙ ሐኪሙን ይመረምሩት ነበር። «ለውጤቱ ሰው ይዘው ይምጡ» አለ። የምይዘው ሰው የለኝም አላልኩትም። እሺ አልኩት። የእናታችንን ነገር ስነግረው ደግሞ «እህትዎም ትታይ» ብሏል፤ እንግዲህ ነዝናዥነቱ ወደ እኔ ዞሯልና ሳትውይ ሳታድሪ ሂጂ።

በይ፣ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ምን ልታደርጊልኝ? አልጋሽ ላይ የከመርኩትን ጨርቅ ያነሳሁት አቧራ ስለበዛበት ነው፤ አንሶላውም እግረ መንገዴን ተቀየረ። በሩ አብጧል፤ በትከሻ ገፋ ካደረጉት ይከፈታል። ውጤቱ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እንዲሁ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ጤናውን አይንሳሽ፤ ክፉ አይንካሽ። አትመጪም እንጂ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።

ታላቅሽ፣
ልብስ ሰፊዋ