ስለ ጎሎንድሪና ዓይንና ስለ ሦስት ዓመቱ ድርቆሽ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9 ቀን። ሰማዩ ጠራራ፤ ከምሥራቅ አቧራ የያዘ ነፋስ። በስብሰባው የተገኙት እርስዎ፣ ጸሐፊው ኤቬሊዮ፣ አሥራ አንድ አባላት፣ እንዲሁም ደጅ የታሰረችው ላሜ ጎሎንድሪና።

ለተከበሩ ዶን ሳቱርኒኖ፣ የመንደራችን ከብት አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ዓይኑ የደከመ በዚህ ማኅበር ምን እንደሚፈረድበት ዛሬ አይቻለሁና።

አንደኛ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አሮጌው ድርቆሽ ሳያልቅ አዲሱ አይነካም የሚለውን የአያቶቻችንን ደንብ እንደ ዓይንዎ ብሌን ጠብቀውልናል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በጠገብንበት ዘመን የተከመረው ስላላለቀ፣ የአዲሱ ተራ ሲደርስ እሱም አርጅቶ ይጠብቀናል፤ ላሞቻችን የትኩስ ድርቆሽን ጠረን የሚያውቁት በመጋዘኑ መስኮት በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ ሰርዲን ተጠቅልሎበት ከመጣ ጋዜጣ እንዳነበብኩት፣ ከብት «ኤ» የተባለውን ቫይታሚን የሚያገኘው ከለምለም ሣር ነው፤ ድርቆሽ በቆየ ቁጥር ቫይታሚኑ ይጠፋል። ላሚቱ በጉበቷ ያጠራቀመችው ጥቂት ወራት ያቆያታል፤ ከዚያ ዳፍንት ይይዛታል፣ ጥጃዋም ዕውር ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ወረቀቱ እዚያ ላይ ስለተቀደደ መፍትሔውን አላነበብኩም፤ ለምለም ሣር ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ይህንን ሳስረዳ የሰጡኝን መልስ ለታሪክ ላስቀምጠው፦ «እስቲ ተይኝ ኤውላሊያ! ድርቆሽ ድርቆሽ ነው። ሚዛን ላይ አውጪው፣ አሮጌውም አዲሱም ሃያ ኪሎ ነው!»

ሽማግሌው ሌአንድሮ ደግሞ ከኋላ ሆነው፣ «እንግዲያው ሊቀ መንበር፣ ያምናውን ዳቦ መዝነን ለምሳ እናቅርብልዎ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እርስዎ ግን ሥርዓት አስከበሩ።

ሦስተኛ፣ ጎሎንድሪና ሲመሽ ከበሩ ጋር ትላተማለች። ያለፈው ጥጃዋ ዕውር ሆኖ ተወልዶ፣ የአጥሩን እንጨት ጡት መስሎት ሲጠባ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ። እርስዎ፣ «በዘር የመጣ ነው፤ የእናቷም አስተያየት ደስ አይለኝም ነበር» ብለው ሰኞ እንድትታረድ ወሰኑ። የስምንት ወር እርጉዝ መሆኗን ኤቬሊዮ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ሳይጽፈው ቀርቷል፤ ቀለም መቆጠብም መልካም ነው።

የምለምነው ትንሽ ነው፦ እስክትወልድ ቢላዋው ይቆይልኝ፤ እስከዚያው አረንጓዴ ነገር ትቅመስ።

ለሚዛንዎ ረጅም ዕድሜ የምትመኝ፣ በትሕትና እጅ የምትነሳ የማኅበሩ አባል፣

ኤውላሊያ ባራንቴስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጎሎንድሪናን ፈታሁ። እንዳትደናቀፍ ቀስ ብዬ እየመራሁ በዋናው መንገድ ወሰድኳት። በወረዳው ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛ ለምለም ሣር በማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው ስለሆነ፣ ከባንዲራው ምሰሶ ላይ በረጅም ገመድ አሰርኳት። ኤቬሊዮ መጥቶ፣ «ኧረ በማርያም ኤውላሊያ፣ ሊቀ መንበሩ ምን ይሉኛል?» አለኝ። ገመዱን ተሻግረው እንዲገቡ ንገርልኝ አልኩት። አንድ ሰዓት ሲሆን የቢሮውን ሣር የሚያጠጣው የውሃ መርጫ በራሱ ተከፈተ፤ ላሚቱ ጠጣች፣ እኔም እግሬን ታጠብኩ።